«ከላይ ልጀምር ቲቸር?»

በቦሌ አራብሳ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም ሥራችሁን አቋርጣችሁ ከኋላ በኩል የቆማችሁ መጋቢ እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ 39 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ እዚሁ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። የልጅ ልጄ እዚህ ግቢ ሁለተኛ ክፍል ይማራል። የወላጅ መምህር ኅብረቱ «ስለ ትምህርት ማሻሻያው አንድ ነገር በይን» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ለመምህር ሃያ ደቂቃ ከሰጣችኋት አርባ እንደምትወስድ ታውቁ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው።

ነገሩን ከእኛ ብሎክ ደረጃ ልጀምር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከጉልት ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቱ ከሥራ እስክትመለስ ቁልፍ የለውም። ሰባተኛ ክፍል ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ገና ሲያየኝ ፌስታሌን ሊቀበለኝ ብድግ አለ። «ምን እያጠናህ ነው?» አልኩት። «ነገ የአማርኛ ፈተና አለብን ቲቸር» አለኝ። «እስቲ አንብብልኝ» ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ማስተማር አምሮኝ ሳይሆን ጉልበቴ እረፍት ፈልጎ ነው።

አነበበልኝ። እንደ ውሃ ነው የወረደው። አራት ነጥብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ይቀጥላል። «ጎበዝ» ልለው አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁት። ዓይኑ ደብተሩ ላይ አይደለም። ፊት ለፊት ካለው ብሎክ በረንዳ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ያያል።

መዳፌን የገጹ የላይኛው ግማሽ ላይ አደረግኩ። ጣቴን መሀል አንድ መስመር ላይ አሳረፍኩና «ከዚህ አንብብልኝ» አልኩት። ዝም አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያዋን ፊደል አገኛት፤ ሁለተኛዋንም አገኛት፤ ሦስተኛዋ ላይ ጠፋበት። አፍንጫው ላይ ላብ ችፍ አለ። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ያማረ ጽሑፍ ነው። ከሰሌዳ ላይ ቀድቶታል፤ የቀዳው ግን ሥዕል እንደሚቀዳ ሰው ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ከላይ ልጀምር ቲቸር?» አለኝ።

እናቱን አስፈቅጄ ነው የምነግራችሁ። ስሙን ግን አልጠራም፤ ምክንያቱም እናንተ ቤት ስንት እንደዚህ ያለ ልጅ እንዳለ እኔም እናንተም አናውቅም። አውቃለሁ የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ማታ መዳፋችሁን ገጹ ላይ አድርጉና እዩ።

የድሮ የኔታዎች ይህን ጉድ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ይዘልቀዋል፤ የኔታ ግን በዜማው አይታለሉም። ቀጥሎ አቡጊዳን ያመጡበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተበታትኗል። ዜማው ተሰበረ፤ አሁን ልጁ ወይ ፊደሏን ያውቃታል ወይ አያውቃትም፤ መደበቂያ የለውም። እኛ ስንትና ስንት ፖሊሲ ስንቀያይር ይህችን የኔታ በአለንጋና በስንደዶ ይሠሯት የነበረችውን ፍተሻ ጥለናት መጣን። አለንጋው ይቅር፤ እኔም አልመልሰውም። ፍተሻዋን ግን ምን አደረግናት?

አሁን ወደ ተጠራሁበት ጉዳይ ልምጣ። የትምህርት ማሻሻያ።

እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ማሻሻያ የሚባል ነገር እንደ ክረምት ዝናብ በየጊዜው ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው መጣ። የደረጃዎቹ አከፋፈል ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ዓመት ይሁን ተባለ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለ፤ ይህ ጥሩ ነገር ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ አይወድቅም፣ በነፃ ይዘዋወራል ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገና ትንሽ የሆነውን ሕፃን «ወደቅክ» ብሎ ከማሸማቀቅ እየተከታተሉ መርዳት ነበር የታሰበው። መከታተሉ ቀረና ማዘዋወሩ ብቻ ቀረልን።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ መጣ። ያኔ የነበራችሁ መምህራን ትስቃላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሁሉ ቴሌቪዥን ተገዛ፤ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቅ። የእኛ መምህር ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ ሰባ ሠላሳ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ሰባው እጅ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሠላሳው የማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት ቀረበ። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ አከፋፈሉም ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆነ፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ተመለሰ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር መጽሐፉ ለብዙዎቻችን የደረሰን በፒዲኤፍ በቴሌግራም ነበር። ስንቶቻችሁ ናችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፋችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ ያሳተማችሁት?

እነዚህን አንድ ላይ ስደረድራቸው አንድ ነገር ታየኝ። ፕላዝማው ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ላለው ነው። ሰባ ሠላሳው ለዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በጣት ከሚቆጠሩት ተነስተው ከአርባ በላይ ሆኑ፤ ይህም ከላይ ነው። ክርክራችን ሁሉ፣ በሬዲዮም በታክሲም በለቅሶ ቤትም፣ ስለ ፈተና፣ ስለ መግቢያ ነጥብ፣ ስለ ምደባ ነው። አገሩ ሁሉ የትምህርትን ነገር ሲያነሳ ያ ልጅ ደረጃው ላይ እንዳለኝ ነው የሚለው፤ ከላይ ልጀምር?

ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ሁላችሁም እሱን እንድናገር ነው የምትጠብቁት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የትምህርት ሚኒስትሩን ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን በዚህ የሚያመሰግን አለ፣ የሚረግም አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሁለቱም አላችሁ። እኔ ኩረጃውን ማስቆማቸውን ደግፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን መምህራን እናውቀዋለን። መልስ በስልክ ሲዞር፣ ፈታኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር አይተናል። ሚዛኑ ተጣሞ ነበር፤ አቀኑት። ሚዛኑ ሲቀና ግን ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጤፍ አይጨምርም። ልኩ ታወቀ፤ አበቃ።

ጤፉ መቼ ነው የጎደለው? እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩ። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ልክ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ልጆች ላይ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። በሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! ይህ የታወቀው ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በላይ በፊት ነው። ያን ጊዜ ግን ማንም ለቅሶ አልተቀመጠም። የሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ አለመቻሉ ዜና አይሆንም፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ መውደቁ ነው ዜና የሚሆነው። እኛ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ እንደ ድንገተኛ አደጋ የደነገጥንበት ውጤት አንደኛ ክፍል ውስጥ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው የደረሰን።

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው አለ። ሳልናገረው ብወርድ ደስ አይለኝም።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። ስሙ ምን ያደርግላችኋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የክፍል ድልድል እንሠራለን። ጎበዙን፣ ዲግሪ ያለውን፣ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረውን ስምንተኛ ክፍል እናደርገዋለን፤ ፈተና አለና፣ ክፍለ ከተማው የሚያየን በዚያ ነውና። የሚቀጥለውን ሰባተኛ። እንዲህ እያልን እንወርዳለን። መጨረሻ ላይ አንደኛ ክፍል ይቀራል። አንድ ዓመት ከአንድ መምህር ጋር ተጣላሁ። የሚያረፍድ፣ አንዳንዴም መጠጥ ሸትቶት የሚመጣ ሰው ነበር። «ምን እናድርገው?» ስንባባል፣ በዚህ አፌ፣ «አንደኛ ክፍል ወርውሩት» አልኩ። ወርውሩት! ሌሎቹም ሳቁ፤ ተስማማን። አንደኛ ክፍል ለእኛ መቅጫ ቦታ ነበር። ስልሳ ሕፃን ለዚያ ሰው ሰጠሁት፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ።

አሁን ደረጃ ላይ ያ ልጅ «ከላይ ልጀምር?» ሲለኝ እነዚያ ስልሳዎቹ ናቸው የመጡብኝ። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ምናልባት ከመካከላቸው ልጅ ወልዶ እዚህ ያስገባ ይኖራል። ከኖረ ይቅር ይበለኝ።

ይህን የምለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆነሽ በዚህ ደመወዝ፣ በዚህ የቤት ኪራይ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ለመድረስ ከሰንዳፋ በኩል በታክሲ ሁለት ጊዜ ተሳፍረሽ ስትመጪ፣ ገብተሽም አምስት ልጆች ለሦስት በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ስታዪ፣ ምን ትሠሪያለሽ? ሰሌዳ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ይገለብጣሉ፣ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ጩኸቱ ውስጥ ማን እንዳነበበ ማን እንዳላነበበ አይታወቅም። በተለይ እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ጉዳዩ ይከብድብናል። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ሰፈራቸው በልማት የተነሳባቸው ቤተሰቦች ወደ ዳር ሲመጡ ልጁ ከዓመቱ አጋማሽ ላይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የክፍሉ በር ላይ ይቆማል። መዘዋወሪያ ወረቀቱ ይደርሳል፤ ዴስኩ ግን አይደርስም። ከዚህ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ አሉ፤ እነሱ ከማናችንም በፊት እዚህ የነበሩ ናቸው። ኦ ክፍል ሳይገባ በቀጥታ አንደኛ ክፍል የሚመጣም አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ በአንድ ድምፅ «ሀ በሉ» ማለት ይቻላል፤ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው።

የቋንቋውንም ክርክር እንዳልሸሸው። በ2015 ዓ.ም. በባንዲራና በመዝሙር ምክንያት በከተማችን ትምህርት ቤቶች ረብሻ ተነስቶ ልጆች ከክፍል የዋሉበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ አንዱ ለአማርኛ፣ ሌላው ለአፋን ኦሮሞ ሲቆም፣ እኔን ያስገረመኝ የሁለቱም ወገን ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ለማንበብ ሲንተባተብ ማየቴ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ልጅ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት እናቱ በምታባብልበት ቋንቋ ነው። እናቱ በአፋን ኦሮሞ የምታባብለው ልጅ በአፋን ኦሮሞ ያንብብ፤ በአማርኛ የምታባብለው በአማርኛ ያንብብ። አንዱን በደንብ ያነበበ ልጅ ሌላውን ሲጨምር ይቀለዋል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሳይንሱም ሒሳቡም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በራሱ ቋንቋ ያላነበበው ልጅ እዚያ ምን ይጠብቀዋል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ነፃ ይሁን ይላል። ክፍል ውስጥ ገብተን የምንጣላ አዋቂዎች ይህን ብናነብ ጥሩ ነበር፤ ያው ማንበብ ነው ችግሩ።

ስለ ግል ትምህርት ቤቶችም ጥቂት። ጧት ጧት የግል ትምህርት ቤት ሰርቪስ እዚህ በራችን ላይ እየቆመ የእኛኑ ሰፈር ልጆች ሲወስድ እናያለን። ሰውን አልወቅስም፤ የቻለ ይከፍላል፣ ያልቻለም ቁርሱን ቀንሶ ይከፍላል። ግን ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው ሰው ልጁ እዚያ ሰርቪስ ውስጥ ከሆነ፣ አንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ የሚነግረው ማነው? ሪፖርት ነው የሚነግረው። ሪፖርትን ደግሞ እኔ ራሴ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ አታምኑት።

አንዳንዴ ግን ከታች የሚጀምር ነገርም አይተናል። የምገባው ፕሮግራም። እነዚህ ከኋላ የቆሙት እናቶች ገና ሳይነጋ መጥተው እሳት ያነዳሉ። ከምገባው በፊት ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ሆዱን ይዞ ዴስኩ ላይ የሚደፋ ልጅ ነበረኝ፤ ቢጠይቁት «አመመኝ» ይላል፤ ራበኝ ማለት ያፍራል። ምገባው ሲጀመር መጀመሪያ በበጎ አድራጎት ነበር፤ በኋላ የከተማ አስተዳደሩ ተረከበው፤ ዩኒፎርሙና ደብተሩም ተጨመረ። ለምን ሠመረ? በየቀኑ ይቆጠራል። ስንት ልጅ በላ፣ ስንት ልጅ አልበላም፣ በሳህን ይታወቃል። ሳህኑ አይዋሽም። እኔ የምለው ንባብም እንደ ሳህኑ ይቆጠር ነው።

«ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ገንዘብ ስናዋጣስ? አዋጥተናል፤ ጥሩ ነው፤ ብዙ የተጎዳ ክፍል ታድሷል። ነገር ግን እኔ ባየሁት አንድ ቦታ መጀመሪያ የታደሰው የግቢው በር ነበር። ቅስት ያለው፣ መብራት ያለው በር። ከበሩ እስከ አንደኛ ክፍል ስንት እርምጃ ነው? እዚያ ድረስ ቀለሙ አልደረሰም።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁና ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የታክሲ ሹፌር ነው። ያን ዕለት ጧት አባቴም ሥራ አልወጣም፣ እኔም ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ታክሲዎቹ በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራኑ ሴክተር ሪቪው በሚባለው የትምህርት ጥናት ምክንያት በአንድ ቀን አድማ መቱ። ከአባቴ ጋር በሥራ ቀን አብረን ምሳ የበላንበት ቀን እሱ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ሽሮ ነበር፣ አባቴ ዝም ብሎ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር።

ሴክተር ሪቪው ምን ነበር? ያኔ አልገባኝም። በኋላ መምህር ሆኜ ሳነበው ግራ ገባኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ትምህርት ለሁሉም ልጅ እናዳርስ የሚል ነበር፤ ከታች እንጀምር የሚል። እኔ ዛሬ የምላችሁን የሚመስል ነገር! ታዲያ ሕዝቡ ለምን ተነሳበት? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ከአራት ዓመት በላይ ያለው በር ለድሃ ልጅ ይጠባል ማለት ነው ብሎ ወላጅ ሰጋ፤ መምህሩም ደመወዙን ፈራ። ሁለተኛው፣ ሲጠና መምህሩም ወላጁም እንዲገባበት አልተደረገም። በተዘጋ ቤት ተሠርቶ ወጣ። መንግሥት አድማው ሲበረታ መልሶ ሳበው። መስከረም 1967 ዓ.ም. ላይ ንጉሡም ወረዱ። እና ከታች እንጀምር የሚለው ሐሳብ ከላይ ስለመጣ ከንጉሡ ጋር ሄደ። በኋላ በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አንዲት አሮጊት እናት አስተምሬ ስማቸውን ሲጽፉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ ዘመቻ ውስጥ ብዙ መጥፎ ነገር ነበር፤ ያ እጅ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ስለዚህ ከወረዳ የመጣችሁ፣ በትሕትና ነው የምናገረው፣ ወደፊት የሚመጣውን ማሻሻያ አዘጋጅታችሁ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ብላችሁ አትጥሩን። ሳይዘጋጅ ጥሩን። ግንዛቤያችን እንደሆነ ተጨብጧል።

ለእኛው ለራሳችን ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። ለማንም ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬበታለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ድልድል ሲሠራ የዚህ ግቢ ሁለት አንጋፋ መምህራን አንደኛ ክፍል ይመደባሉ። እነሱም ተስማምተዋል፤ እዚህ አሉ፤ እጃቸውን እንዲያወጡ አላደርግም፣ ያፍራሉ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ካለው ትንሽ ገንዘብ ለእነሱ የትራንስፖርት ይጨምራል። ስምንተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ «ጎበዙን መምህር ወሰዳችሁብን» ብላችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ። እንነጋገራለን።

ሁለተኛው የእናንተ ሥራ ነው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጧት ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ለአንድ ወላጅ ያነባሉ። ለራሳቸው ወላጅ አይደለም፤ ለሌላ ልጅ ወላጅ። የራስ ልጅ ሲሆን እናዳላለን፤ ወይም እንቆጣለን። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ገጹን መምህሩ ይመርጣል፤ መስመሩን እናንተ ትመርጣላችሁ። ከላይ አታስጀምሩ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ እሱም ይመዝገብ፤ እንዲያውም እሱን እፈልገዋለሁ። ልጅ ሲሸመድድ ዓይኑ የት እንዳለ ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ያላነበበ ልጅ አይሰደብም። ስሙ ይያዛል፤ ከሰኞ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከጡረተኞች ጋር ይቀመጣል። አራት ጡረተኞች አግኝቻለሁ፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ቢሆንም ከእኔ ጋር ጀምሯል፤ በሩን ዘግተን ነው የምንማረው፣ የእሱ ምርጫ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከመሀል ሁለት መስመር አነበበልኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ጠረጴዛ» የምትል ቃል ነበረች፤ «ረ» ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ያዛት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ፤ አደራ እንዳትወስዱብኝ። ሻይ ፈልቷል።